ሀሪኬኑ ከየት ተነሣ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ሀሪኬን፣ ማለትም ከሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚነሣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የአትላንቲክ ጣጣ ነው፣ እኛን አይነካንም የሚል ጽሑፍ አንብቤ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እኔ ደብረ ታቦር ያደግሁ፣ አሁን ማያሚ ተቀምጬ ማዕበል የማጠና ሰው ነኝ።

በክረምት ወራት ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ካሪቢያንን አይደለም፤ የኢትዮጵያን ደጋ የሚያሳየውን የሳተላይት ምስል ነው። እኔ ጋ ሲነጋ እዚያ ከሰዓት ነው። ፀሐይ ተራራውን ስታግለው ደመናው ይቆለላል፣ ሲመሽ ነጎድጓዱን እየጎተተ ወደ ሱዳን ይወርዳል። አብዛኛው እዚያው ከስሞ ይቀራል። አንዳንዱ ግን የነፋስ ሞገድ ያስነሣል፤ ሞገዱ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊን አቋርጦ ከሳምንት በላይ ተጉዞ ሴኔጋል ጠረፍ ይደርሳል። ባሕሩ ከ26 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከጠበቀው፣ የላይኛው ነፋስም ካልበታተነው፣ ሀሪኬን ሊወጣው ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከታትለው ዱካውን እኛው ደጋ ላይ አግኝተውታል። (ሁሉም ከደብረ ታቦሩ ጉና ተራራ ይነሣል አላልኩም!)

እናቴ ደውላ «ዛሬስ በረዶው ቆርቆሮውን ሊበሳው ነበር» ስትለኝ «ስንት ሰዓት ላይ እማዬ?» ብዬ እመዘግባለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ሳተላይት የደመናውን አናት እንጂ ቆርቆሮውን አይሰማም።

ለማንኛውም፣ በሚቀጥለው እትም እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከማያሚ