ልጄ፣ የኪዮቶው ቤት ለምን እንደበረደሽ

የኔ እናት፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን።

እዚያ ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ያደርሽበት አሮጌ ቤት በብርድ አንቀጥቅጦሽ «እንዲህ ጎበዝ የሆነ ሕዝብ ለምን ወፍራም ግድግዳ አይሠራም?» ያልሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። አናጢ አባት ይዘሽ እንዲህ ጠይቀሽ ዝም ልልሽ አልችልም።

ያ ቤት የታሰበው ለብርዱ አይደለም፣ ለሙቀቱ ነው። እዚያ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይጀምራል፣ ከዚያ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ይመጣሉ። እርጥበት እንጨት ያበሰብሳል። ስለዚህ ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርገው ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ተዉት፣ በግድግዳ ፋንታም ተንሸራታች በር አደረጉ፣ ሲሞቅ ገፋ አድርገሽ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ትከፍቺዋለሽ። ጣሪያው ወደ ውጭ ረዝሞ የወጣውም ለጌጥ አይደለም። በሙቀቱ ወራት ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን ያጠላል፤ በብርዱ ዝቅ ስትል ደግሞ ጨረሯ ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። ብርዱን በእሳትና በልብስ ነበር የሚችሉት። ለሽማግሌ ከባድ ነው፣ ግን ምርጫቸው ይገባኛል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሺራካዋ-ጎ ነው። ተራራ መሀል ያለ መንደር ነው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 ከጎረቤቱ ከጎካያማ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ይከመራል። የሣር ክዳኑ ወደ 60 ዲግሪ የቆመው በረዶው እንዲንሸራተት ነው። ጣሪያውን አጋጥሞ የያዘው ደግሞ ምስማር ሳይሆን የገለባ ገመድና ልምጭ ነው! ልምጩን እርጥብ ሳለ ያስሩታል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ በረዶ ሲጫነው ወይም ነፋስ ሲገፋው እስሩ ትንሽ እሺ ይላል እንጂ አይሰበርም። የምድጃው ጢስ ወደ ላይ እየወጣ ሣሩንና ገመዱን ከብስባሽና ከነፍሳት ይጠብቃል። እዚያው ጣሪያ ሥር የሐር ትል ያረቡ ነበር። ክዳኑ በ30 ወይም በ40 ዓመት አንዴ ሲቀየር መንደሩ በደቦ ይወጣል። አብዛኞቹ ጣሪያዎች አንዱ ገጻቸው ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ነው፣ በረዶው በሁለቱም በኩል ፀሐይ እንዲያገኝ።

ወደ ደቡቡ ደሴት ወደ ኦኪናዋ ብትወርጂ ደግሞ ሌላ ነው። ጠላቱ አውሎ ነፋስ ስለሆነ ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ቀይ የጣሪያ ሸክላው በኖራ ይጣበቃል፣ ዙሪያውን የኮራል ድንጋይ ያጥሩታል።

ዕረፍት ስታገኚ ሺራካዋ-ጎ ሂጂ። ፎቅ ላይ የሚያስወጡ ቤቶች አሉ፤ የእስሩን አጠማዘዝ ጠጋ ብለሽ ፎቶ አንሺልኝ፣ ከጎንም ከሥርም። ወፍራም ካልሲ እንዳትረሺ።

አባትሽ