ማሙሽ፣ ማዘዣውን ሳታስነሳ እንዳትነሳ

ማሙሽ እንዴት ነህ የኔ ጌታ። እኛ ደህና ነን፣ የእናትህ ጉልበት እንደምታውቀው ነው፣ ፒያሳም ፈርሶ አሁን ከጊዮርጊስ ቁልቁል ብታይ ያደግክበትን ሰፈር አታውቀውም። የምጽፍልህ ግን ለሱ አይደለም። ሳምሪ ሁሉንም ነግራኛለች፣ አትቆጣት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት።

ቨርጂኒያ አንተ እንደተያዝከው በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ በኛ 137 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ ቅጣት ከፍለህ የምትገላገለው ሳይሆን ወንጀል ነው አሉ፣ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ያስቀጣል፣ በዚያ ላይ ቀጠሮ ቀርተህ ዳኛው የእስር ማዘዣ አወጣብህ፣ አንተ ደብዳቤውን ፍሪጅ ላይ ወርውረህ ለእህትህ ሰርግ ቲኬት ትቆርጣለህ? ማዘዣውን ሳታስነሳ ከቤትህ እንዳትነሳ።

"ኤርፖርት መታወቂያ ነው የሚያዩት፣ ዋራንት አይፈልጉም" ብለሃታል። ቦርሳ የሚፈትሹት ሰዎች እውነት ነው ስራቸው እሱ አይደለም። ግን ውጭ አገር የሚበር አውሮፕላን የተሳፋሪውን ስም ገና ሳይነሳ ለአሜሪካ ጉምሩክ ይልካል። ስትወጣ ዝም ቢሉህ እንኳ ስትመለስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ኮምፒውተሩ ላይ ትመጣለታለህ። የምታርፈውስ የት ነው? ደለስ ኤርፖርት። ደለስ የት ነው? እዛው ቨርጂኒያ! ለልደትህ ያሰባችሁት የመርከብ ሽርሽርም ያው ነው፣ እዚያም ዝርዝር ይላካል፣ ከባሃማስ ማያሚ ስትገቡ ጓደኞችህ ሻንጣ ሲጎትቱ አንተ ወደ ጎን ትጠራለህ። የትንሽ ፍርድ ቤት ጉዳይ ሁሉም ቦታ አይታይም ላለህ ልጅ ደግሞ፣ አዎ ላይታይ ይችላል፣ ግሪን ካርዱ የሱ ነው ወይስ ያንተ?

ያልነገርኩህን ልንገርህ። በ1988 ለአንድ ጓደኛዬ ዋስ ሆንኩ፣ ውይይት ታክሲ ሊገዛ ተበድሮ፣ ከዚያ ጠፋ። መጥሪያ ሲመጣ ፍራሽ ስር አደረግኩት። ሁለተኛውንም። ተፈረደብኝ፣ መያዣ ወጣብኝ፣ እኔ ግን ስራ እየሄድኩ ማታ ማታ ቢራዬን እየጠጣሁ፣ ማንም ሳይነካኝ ወራት ስላለፈ የተረሳ መሰለኝ። አያትህ ደብረ ብርሃን አረፈች ተባለ። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ሄድኩ፣ ጥቁር ለብሼ፣ አበዳሪው ከፖሊስ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ለቅሶ የማልቀርበት ቦታ መሆኑን ያውቃል ሰውየው። ቀብሯም ሠልስቷም አለፈኝ። እናትህ አንተን የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ጣቢያ ድረስ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ለእናንተ ግን "አባታችሁ ያኔ ፊልድ ነበር" ነው ያልናችሁ። ደብረ ብርሃን በሄድን ቁጥር ለምን ከመኪና ቶሎ እንደማልወርድ ትጠይቀኝ ነበር፣ ታስታውሳለህ?

ስለዚህ ነገ ጠዋት ጠበቃ ደውል፣ ለጉዞው ያስቀመጥከውን ብር ለሱ ስጥ። ማዘዣ በጊዜ ብዛት አይሞትም፣ ጠበቃው ግን እንዲነሳልህ ፍርድ ቤቱን ይጠይቃል፣ ራስህ ሄደህ መቅረብ ተይዞ ከመቅረብ ጋር አንድ አይደለም። ቲኬቱን አራዝመው፣ ገንዘቡ ይበላ ካሉም ይበላ። የጠበቃውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ለእኔ ብቻ፣ በግሩፑ እንዳታደርገው። መኪናም አትንዳ እስከዚያው፣ ባስ አለ።

እህትህ ታለቅሳለች፣ ታልቅስ። እኔ አናግራታለሁ። ማዘዣውን ሳታስነሳ እንዳትነሳ ብያለሁ ማሙሽ፣ ሰርጉን በቪዲዮ ታየዋለህ፣ በመልስ ጊዜ ስልኩን እኔ ራሴ እይዝልሃለሁ።

እናትህ ስለማዘዣው አልሰማችም፣ ፈቃድ ከለከሉኝ በላት። በርበሬውን ግን አስፈጭታ ጨርሳለች፣ አምስት ኪሎ ነው፣ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካወቅክ ስልኩን ላክልኝ።

አባትህ