የዦርዥ ቬዚና ልጆች ሃያ ሁለት አይደሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሞንትሪያል የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይኔን ስለሚያደክመኝ ልጄ የስፖርት ገጻችሁን በወረቀት እያተመች ታመጣልኛለች። ስለ ጥንቱ የአይስ ሆኪ በረኛ ስለ ዦርዥ ቬዚና ያወጣችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለዚህ ሰው በአማርኛ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነውና ደስ ብሎኛል። ግን ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንዱ የልጆቹ ቁጥር ነው። ሌላው «ትኩሳት ይዞት እንኳ ቡድኑን ያልከዳ የብረት ሰው» የምትለዋ ውዳሴ ናት።

ቁጥሩ ይቅደም። ሃያ ሁለት ልጆች ነበሩት ብላችኋል። ኧረ የለም። ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው። ወሬውን የነዛው ቬዚና በረኛ የነበረበት የሞንትሪያሉ የሆኪ ቡድን፣ የካናዲየን፣ የዚያን ጊዜ ባለቤት ሊዮ ዳንዱራንድ ነው። ሃያ ሁለት ልጅ አለው፣ ሚስቱ ሦስት ሦስት ልጅ በአንዴ የወለደችበት ጊዜም አለ ብሎ ለጋዜጠኞች ነገራቸው። እነሱም ጻፉት። አንዱ ጋዜጣ ከሌላው እየተቀባበለ ይኸው እናንተ ዘንድ ደረሰ። እውነቱ ግን ከተረቱ አያንስም ነበር። ካናዲየን በ1916 (እ.ኤ.አ.) የሆኪውን ትልቅ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበላ፣ ለቬዚናም በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ተወለደለት። ማርሴል ስታንሊ አለው። በዋንጫ ስም!

እኔም በወጣትነቴ በረኛ ነበርኩ፣ የእግር ኳስ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ የሆኪ በረኛ ሆኗል። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ወደ ልምምድ እወስደዋለሁ። ልጁን ሳለብሰው ጦር ሜዳ የምልከው ነው የሚመስለኝ። የራስ ቁር፣ የፊት ፍርግርግ፣ የደረት መከላከያ፣ ከእግሩ የሚበልጥ የእግር መከላከያ። ቬዚና ፊቱ ላይ ምንም አልነበረውም። ፓክ የሚሉት ያ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ በረዶ ላይ ሲመታ ድንጋይ ማለት ነው። አንድ የካናዲየን በረኛ፣ ዣክ ፕላንት፣ ጭንብል አድርጎ መጫወትን ያስለመደው በ1959 ነው። ቬዚና ከሞተ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መውደቅ ክልክል እንደነበር ሳውቅ ነው። በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካው ትልቅ የሆኪ ሊግ፣ እስከ ጥር 1918 ድረስ በረኛ ለማዳን ብሎ በረዶው ላይ መተኛትም ሆነ መንበርከክ አይችልም ነበር። ሁለት ብር፣ ይቅርታ፣ ሁለት ዶላር ይቀጣል። የኦታዋው ክሊንት ቤኔዲክት ሚዛኑን የሳተ እየመሰለ በጉልበቱ ይወድቅ ስለነበር «ጸሎተኛው ቤኒ» ብለውታል። በመጨረሻ ሕጉ ተሻረ። ቬዚና ግን ከዚያም በኋላ ቆሞ መከላከሉን አልተወም። ተወርውሬ ካልያዝኩ በረኛ የሆንኩ የማይመስለኝ ሰው ይህን ሳነብ ጉልበቴን ነው ያሻሸሁት። ሕጉ በተለወጠ በሁለተኛው ወር፣ የካቲት 18 ቀን 1918፣ ካናዲየን ቶሮንቶን 9 ለ 0 ሲያሸንፍ በረኛው ቬዚና ነበር። በኤንኤችኤል ታሪክ ጎል ሳይቆጠርበት የወጣ የመጀመሪያው በረኛ ሆነ።

ይህን መረጋጋት ያመጣው ከትውልድ ከተማው ከሺኩቲሚ ነው ይላሉ። እዚያ ልጅ ሳለ በተራ ጫማ ነበር የሚጫወተው። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ያጠለቀው አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በእግሩ መፍጠን ስላልለመደ በዱላው መመለስን ተካነበት። «የሺኩቲሚው ኪያር» ይሉት ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እርጋታን በኪያር ይመስላሉ። እኛ ሰውን ኪያር ብንለው ይቀየመናል።

በጽሑፋችሁ ያላገኘሁት ሰው ደግሞ አለ፤ ጆሴፍ ካታሪኒች። በ1910 ካናዲየን ሺኩቲሚ ሄዶ ለወዳጅነት ሲጫወት የቡድኑ በረኛ እሱ ነበር። ወዲያ ማዶ የቆመውን የአገሬውን ልጅ አየና ለቡድኑ «ይህን ልጅ አምጡት» አለ። ይህ ማለት እኮ በገዛ ቦታዬ እሱን አቁሙ ማለት ነው! በረኛ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ተጠባባቂዬ ጥሩ ሲያድን ፊቴ ይጠቁር ነበር። ቬዚና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን ለካናዲየን ተሰለፈ። ካታሪኒች ኋላ ከዳንዱራንድና ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ሆኖ ቡድኑን ገዛው። ለምርጥ በረኛ የሚሰጠውን የቬዚና ዋንጫ ያበረከቱትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

አሁን ወደ «ብረት ሰው»። ቬዚና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ 328 መደበኛ ጨዋታና 39 የዋንጫ ግጥሚያ ሳያቋርጥ ተሰልፏል። ይህን አደንቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ አንድ በረኛ ብቻ ነበር የሚይዙት። አልችልም ቢል ማን ሊቆም? ኅዳር 28 ቀን 1925 ከፒትስበርግ ጋር ሲጫወቱ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ምንም ጨረሰ፣ ሁለተኛው ላይ አቃተው። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሺኩቲሚ ተመልሶ መጋቢት 27 ቀን 1926 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። ይህ ቡድን እኮ በሽታን ያውቃል። በ1919 ሲያትል ላይ ለዋንጫ ሲፋለም የዚያ ዘመን የጉንፋን ወረርሽኝ ተጫዋቾቹን ጥሎ ፍጻሜው ያለ አሸናፊ ተቋርጧል፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ጆ ሆልም በዚያው በሽታ ከቀናት በኋላ ሞቷል። ቬዚና እዚያም ነበረ።

ቬዚና ታሞ ወደ ሺኩቲሚ ከመመለሱ በፊት ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል መጥቶ የተለመደው ጥግ ላይ ተቀምጦ እንባው ወረደ፣ የድሮ ማሊያውንም ለመነ ይባላል። ይህንንም የተናገረው ያው የሃያ ሁለቱን ልጆች ወሬ የነዛው ዳንዱራንድ ነው። ቢሆንም ማሊያውን አምናለሁ። እኔም የመጨረሻዋን ማሊያዬን ይዣት ነው ባሕር የተሻገርኩት።

ይህን ሁሉ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በፋብሪካ ቡድን ስጫወት አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ተሰልፌያለሁ። ተጠባባቂው አልመጣም ነበር። አሰልጣኙ «አንተ ጀግና አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ሦስት ጎል ገባብኝ። ሦስተኛውን አላየሁትም፣ የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ሊጠይቀኝ የመጣው ያ የቀረው ተጠባባቂ ብቻ ነው፣ ብርቱካን ይዞ።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሲያተኩሰው ለአሰልጣኙ ነገርኩና ሌላዋ በረኛ ገባች። ተሸነፉ። ልጁ እስከ ማታ አኮረፈኝ፣ «አያቴ፣ ቬዚና ቢሆን ይጫወት ነበር» አለኝ። ስለ ቬዚና የነገርኩት እኔው ነኝ፣ ምን እላለሁ?

በሚቀጥለው እትም ቢያንስ ሃያ ሁለቱን ሁለት ብላችሁ አርሙልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ በረኛ፣ ከሞንትሪያል