ጋሼ፣ ማሙሽ ጥያቄ አለው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉኝ። ባለፈው እሁድ ስናወራ ቃሉ አልወጣ ብሎዎት ሲታገሉ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ለወንድሜ ሰጡት። ተናደው ነው፣ አውቅዎት የለ? ደብዳቤ አያጣድፍም። ቀስ ብለው ያነቡታል። ስህተቴንም እንደ ልማድዎ ያሰምሩበታል።

መጀመሪያ የክኒኑ ነገር። ደህና ነኝ ባሉ ቀን የግፊቱን ክኒን ይተዋሉ አሉ። ጋሼ፣ ግፊት አንኳኩቶ አይገባም። ደህና ሆነውም ይዋጣል። ጨው ይቀነስ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ደግሞ መብራት ያብሩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ጋቢውን ሳይጥሉ እንደማይነሱም አውቃለሁ። ግን እግርዎ ላይ እንዳይጠመጠም።

ማሙሽ ትምህርት ቤት ከገባ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ኪንደርጋርተን ይሉታል። ከትልልቆቹ ጋር አንድ ግቢ ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ግዴታ ነው። አምስት ዓመት የሞላው ሁሉ ይገባል። ምን ምን ተማረ ብለው ነበር። እውነቱን ልንገርዎት? የመጀመሪያውን ወር የጨረሰው ምንጣፍ ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ፣ መሰለፍ፣ ለመናገር እጅ ማውጣት ሲማር ነው። የምሳ ዕቃውንም ራሱ መክፈት ቻለ። ለዚህ ነው እንዴ በጠዋት የምቀሰቅሰው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን አይገርምዎትም። 32 ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ምን ይገርመዋል? «መጀመሪያ መቀመጥ ይልመዱ፣ ሀሁ የትም አይሄድም» ይሉ አልነበር?

አሁን ወደ ፊደሉ ገብተዋል። የሚያስቀው፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ነው የሚማሩት። አንዴ ስሙን፣ አንዴ ድምፁን። ስሙ «ቢ» ነው፣ ድምፁ «ብ»። ያኛው ደግሞ ስሙ «ደብሊው» ሆኖ ድምፁ «ው» ነው። ማታ ማታ እራት ከተነሳ በኋላ እኔ የእኛን አስቆጥረዋለሁ። «ይቺ ስሟ ማነው?» አለኝ። «ለ» አልኩት። «ድምጿስ?» «ለ»። በጣም ደስ አለው። ብዛታቸውን ስነግረው ግን ደስታው ጠፋ። የእነሱ 26 ናቸው። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231። ልጁ ገና እስከ 100 ለመቁጠር ነው የሚታገለው፤ የዓመቱ ግብ እሱ ነው፣ በአንድ በአንድም በአሥር በአሥርም።

ከዚያ ጥያቄውን አመጣ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ? ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ አልኩት፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። «ስማቸውን አልጠየቅኩሽም፣ ለምን ነው ያልኩሽ» አለ። አያትህን እጠይቅልሃለሁ ብዬ አመለጥኩ።

ሌላም ነገር አለ። ልተወው ብዬ ነበር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪዋ ደወለች። «ልጅሽ ግራኝ መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ማንኪያ ከያዘ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ሆዴ ተላወሰ። ምን ልታደርገው ነው ብዬ። ለካ የግራኝ መቀስ እንዳገኘችለት ልትነግረኝ ነው። መቀስ ግራና ቀኝ እንዳለው በ38 ዓመቴ ሰማሁ። ሲጽፍ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል ታሳየዋለች፣ እጁ የጻፈውን እንዳያብሰው። በቃ፣ ይኸው ነው። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

1987 ዓ.ም.፣ የእርስዎ ክፍል፣ ሁለተኛው ረድፍ። ከእማዬ አሮጌ ነጠላ በተቀደደ ቁራጭ ግራ እጄን ከመቀነቴ ጋር አሰሩት። እረፍት ላይ ይፈታል፣ ደወል ሲደወል ተመልሶ ይታሰራል። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ እርሳሴን አስቀምጬ በቀኜ ነበር የማባርረው። ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ይሉዎታል። እኔም «ጋሼ» ነው የምልዎት። ስለዚህ ያሰረኝ መምህሬ ይሁን አባቴ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ማታ እጄን በሞቀ ውሃ ታሽልኝ ነበር። አንድም ቀን ምንም አላለችም። እርስዎም አላሉም። የዚያ ነጠላ ነገር ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

ለክፋት እንዳልነበር አውቃለሁ። በግራ መብላት ነውር ነው፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብለው ነው። ጽሕፈቴም አምሮልኛል። እዚህ የሠርግ መጥሪያ ላይ ስም ጻፊልን እያሉ ይለምኑኛል። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ከልቤ ነው። ሽንኩርት የምከትፈው ግን በግራዬ ነው።

እና ወንድሜ ነገረኝ። ሾርባውን በግራ እጅዎ መጠጣት ጀምረዋል አሉ። ደግ አደረጉ። ጡረታዎን ሊቀበሉ ሄደው ደግሞ በጣትዎ ይፈርሙ ሲባሉ ብሩን ትተው ወጡ። ሲነግረኝ ሳቅሁም፣ አዘንኩም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ያን ሁሉ ገበሬ በኩራዝ ስሙን መጻፍ ያስተማሩ ሰው በጣት አሻራ? አይፈርሙም። እኔም ብሆን እምቢ እላለሁ። ግን ጋሼ፣ እጅ ማለት ቀኝ ብቻ ነው እንዴ?

ፊዚዮቴራፒውን አያቋርጡ። የሚመላለሱበትን የታክሲ በወንድሜ በኩል እልካለሁ።

ለገና እመጣለሁ ብዬ ነበር። ወረቀቱ አልደረሰልኝም። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ለፋሲካ ልል ነበር፣ ግን እርስዎ ያልሆነ ቀጠሮ አይወዱም። ብቻ ይጠብቁኝ።

ይህን ይዞ በሚመጣው ሰው ወፍራም እርሳስ ልኬያለሁ። ሦስት ማዕዘን ነው፣ ከጣት አያመልጥም። ማሙሽ መጀመሪያ የተለማመደበትን ወረቀትም ኮፒ አድርጌዋለሁ። ቀጥ ያለ መስመር፣ ዘንበል ያለ፣ ክብ። እሱ ራሱ ነው ለአያቴ ላኪለት ያለው። ልጅ ነው፣ አይቀየሙት።

የሦስቱን ሀ መልስ እየጠበቀ ነው። በወንድሜ እጅ አያስጽፉት፤ እርስዎ ይጻፉለት። ወረቀቱን ብቻ ወደ ቀኝ ያዘንብሉት፣ አለዚያ እጅዎ ያብሰዋል።

ልጅዎ