የጤናና ንጽህና ክበብ የዓመቱ ሥራ

«ስለ ሕፃን ዓይነ ምድር የሚያወራው ክበብ» እየተባልን ዓመቱን ጨርሰናል። ስሙ አላሳፈረንም። የሕፃን ዓይነ ምድር ከአዋቂው ያላነሰ በሽታ ያስተላልፋል፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ደሴን የምታውቁ፣ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ከየጓሮው የጠረገውን ይዞ ቦርከና ወንዝ እንደሚገባ አይታችኋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በዚያው ወንዝ አትክልት ይለማል።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን። ጥቅምት 5 የእጅ መታጠብ ቀንን በሰልፍ ላይ አከበርን፤ ኅዳር 12 ግቢውን አጸዳን፤ በሚኒ ሚዲያም አስተማርን።

የካቲት ላይ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ከትምህርት ቤታችን በላይ ወዳለው መንደር የወጣንበትን ቀን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። አንዲት እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉን። የልጅ ልጃቸው ደጅ ላይ ሲጸዳዳ በአካፋ አንስተው ከአጥሩ ወዲያ ጣሉት። ባለሙያዋ ቀና ስትል፣ «ጡት የሚጠባ ልጅ ምን ቆሻሻ አለው፣ ልጄ?» አሏት።

ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ የ6ኛ ክፍል ተማሪያችን ብድግ አለች። አካፋውን ይዛ ከአጥሩ ወዲያ ሄደች፣ ዓይነ ምድሩን አምጥታ ሽንት ቤት ከተተችው። ከምድጃው ዳር አመድ ዘግና፣ «እማማ፣ ውኃ ያፍስሱልኝ» አለች። እየታጠበች፣ «ወንድሜን የማዝለው እኔ ነኝ፤ ባለፈው ክረምት ተቅማጥ ይዞት ሊሞትብን ነበር» አለቻቸው። እማማ ጆጉን ሰጧትና የራሳቸውን እጅ ዘረጉ። «እኔስ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባብኛል ብዬ ነው ሽንት ቤት የማልሰደው» አሉ። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ቀዳዳው ለአዋቂ የተሠራ ነው። መልሱ ፖፖ ነው፤ ካልተገኘም ያረጀ ጣሳ።

ተመልሰን ቤቱ ሕፃን የሚያዝል ማን እንደሆነ አባላቱን ጠየቅሁ። አብዛኞቹ እጃቸውን አወጡ። ግድግዳችን ላይ የለጠፍናቸው ሥዕሎች ሁሉ የሚያሳዩት እናትን ነው፤ እናት ገበያ ስትውል ሕፃኑን የሚያጥቡት ግን እኛው ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ናቸው። ይህ ክበብ ትርፍ ሥራ ነው የሚሉ ይህን ያስቡልኝ።

ጥቂት ልጃገረዶች ታናናሾቻቸውን ለመያዝ ሲሉ ከስብሰባ ቀርተውብናል፤ ሰዓቱን ወደ ረፍት አዙረነዋል። ለእጅ መታጠቢያ ደጅ የሰቀልናቸው ጀሪካኖችም ተሰርቀዋል። ከሁሉ የከፋው፣ የምናስተምረው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ሲወጣ የሚታጠብበት ሳሙና የለውም። ለማልያ የተገኘ ገንዘብ ለሳሙና የሚጠፋበትን ምክንያት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት እንዲነግረን እጠይቃለሁ።

ለመጪው ዓመት ሳሙና፣ ክዳን ያለው ጀሪካንና ፖፖ ያስፈልጉናል። ልጆቻችሁ አድገው ፖፖ የተረፋችሁ ወላጆች አጥባችሁ በልጆቻችሁ ላኩልን፤ እዚያ መንደር እንድናመጣላቸው የጠየቁን ቤቶች አሉ።