ኔጋቲቩን አትጣሉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የፎቶ ፊልም አምራቹን ኩባንያ «ኮዳክን ዲጂታል ካሜራ ገደለው» ሲባል ቅር ይለኛል። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እኮ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የራሱ የኮዳክ መሐንዲስ፣ ስቲቨን ሳሰን ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኮዳክ ግን እንጀራው ፊልም ስለነበር በሙሉ ልቡ አልገፋበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ፍርድ ቤት ገባ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም ብዙውን ጊዜ ቢበዛ 36 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ፣ ቁልፉን ከመጫናችን በፊት እናስብ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ልባችን ይንጠለጠላል። ዛሬ ሺህ ፎቶ ስልካችን ላይ አለ፤ ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ኔጋቲቭ (ፎቶው የሚታተምበት የታጠበው ፊልም) ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እባካችሁ የወላጆቻችሁን ኔጋቲቭ አትጣሉ። ስካን አድርጉት፤ ዋናውንም አስቀምጡት።

አንባቢያችሁ