አባታችንን በክብር ለሸኛችሁልን ሁሉ

አባታችን ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩን ጊዜ ከጎናችን ላልተለያችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የእድራችን አባላትና የቀድሞ የሠራዊት ባልደረቦቻቸው፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ድንኳን የተከላችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ከሩቅ ሆናችሁ በስልክ ያጽናናችሁን፣ ሐዘን አይንካችሁ። አንድ ውለታ ግን ለይቼ ባላነሳ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አባቴ በምሥራቁ ጦርነት መድፈኛ ነበሩ። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ስትያዝ እያነቡ አፈገፈጉ፤ የካቲት 26 ቀን ካራማራ ነፃ ሲወጣ ከመድፋቸው ጋር ተመልሰው ገቡ። የጀብዱ ሜዳይ የተሸለሙት ለዚህ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ግንባር በእግራቸው መጡ። ሌሊት ነበር የደረሱት። እግራቸው አብጦ ጫማው አልወጣ ስላለ እናቴ በምላጭ ቀደደችው። ፍተሻ መጣ ሲባል ጎረቤታችን እማማ ሜዳዩን ከእጃቸው ተቀብለው በቁራጭ ነጠላ ጠቀለሉና በርበሬ ጣሳቸው ውስጥ ቀበሩት። «በርበሬ የሚበረብር የለም» አሉ። እማማ፣ በዚያን ቀን እርስዎም ልጆች ነበሩዎት።

አባቴ ከተሃድሶ ካምፕ ሲመለሱ ደመወዝም ጡረታም አልነበረም። «የደርግ ወታደር» መባል ስድብ በሆነበት በዚያ ዘመን በዱቤ እህል የሰጣችሁን፣ በስማቸው ሳይሆን በማዕረጋቸው «ሃምሳ አለቃ» እያላችሁ የጠራችኋቸው፣ አባቴን ቀና ብለው እንዲሄዱ ያደረጋችኋቸው እናንተ ናችሁ። በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ሲነሳና የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ እናቴ እያለቀሰች ለመነቻቸው። «መንግሥት ተለወጠ እንጂ ድንበሩ ያው ነው» ብለዋት ሄዱ።

ባልደረቦቻቸው ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ በምርኩዝ መጥታችሁ አስከሬኑን እየተፈራረቃችሁ ስትሸከሙ አይቻለሁ። ወጣቶች ሊያግዟችሁ ቢጠጉ እንኳን አልሰጣችሁም።

ከሬሳ ሣጥኑ ፊት የተያዘውን ሜዳይ ያመጡልን እማማ ናቸው። በጥብጣቡ እጥፋት ውስጥ ቀይ ብናኝ ነበረበት። እህቴ ልታራግፈው ስትል «ተዪው፣ እሳቸውም ያውቁታል» ብለው እጇን ያዙ።

ከቀብር መልስ ቤተሰቡ ተነጋግሮ ሜዳዩን ለእማማ መልሰንላቸዋል።